መጀመሪያ የመቀመጫዬን፤ ስለ ጄን ጉዳል ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

መስከረም 21 ማታ ደሴ ከግሸን በሚመለስ ሰው ትጨናነቃለች። በ2018ቱ በዓል እኛም ቤት ሦስት እንግዳ አድሮ ነበር። አክስቴ ለእንግዶቹ እግር ውኃ ታሞቃለች፤ እኔ ስልኬን እነካካለሁ። ዜናውን ያየሁት ያኔ ነው። ጄን ጉዳል በ91 ዓመቷ አርፋለች፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ንግግር ለማድረግ እንደወጣች።

«ማን ሞተ?» አለች አክስቴ ፊቴን አይታ።

«ቺምፓንዚ የምታጠናዋ።»

«ነፍስ ይማር» አለችና ውኃውን ከእሳቱ አወረደች።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ «አንቺን ነው የሚሰድበው» የሚል ማስታወሻ ጨምሮበት። ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ጉዳል ዕድል የቀናት ሴክሬታሪ እንጂ ሳይንቲስት አልነበረችም። ለእንስሳ ስም ማውጣት የልጅ ጨዋታ ነው። ሥራዋ ሁሉ ሰውን ከዝንጀሮ ጋር ማቀላቀል ነበር። ልጇንም በወጉ አላሳደገችም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደ እኛ ይዞራል፦ «ጭላዳ ገብሱን በሚጨርስበት በወሎ፣ ሴት ልጅ ዝንጀሮ ስታይ ትዋል ማለት ቅንጦት ነው።»

እኔ ያደግኩት ሳይንት ነው። አሁን ደሴ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ገብስም ጠብቄያለሁ። እሾህ የበዛባት ዝንጀሮ «ከየት እንጀምርልሽ?» ስትባል «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል። እኔም የጸሐፊውን ቅደም ተከተል ትቼ ከወጋኝ እጀምራለሁ። የወጋኝ የመጨረሻው ነው።

ጭላዳ ገብስ ያጠፋል። ይህን አልክድም። እሸት በደረሰ ቁጥር እኔና ወንድሜ እየተቀያየርን ከትምህርት ቤት እንቀር ነበር። ከገደሉ አፍ ላይ ያለችው መሬታችን አንድ ዓመት ከግማሽ በታች ነው የተረፈችው። አባቴ ዛላውን እያገላበጠ ያየበትን ፊት እስካሁን አልረሳውም። ስለዚህ ጸሐፊው የገበሬውን ብሶት ሲያነሱ ልክ ናቸው። የተሳሳቱት ከዚያ ቀጥሎ ነው።

ወንድሜ ጥበቃ ሲወጣ ወንጭፉን ይዞ ትልቁን ወንድ ያባርራል። ጋማው እንደ ካባ የሚዘናፈለውን፣ ላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን የሚያሳየውን። አንድ ጆሮው የተቀደደ ስለነበረ ሸራፋው እንለዋለን። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ሸራፋውን ሲያሯሩጥ ይውልና ማታ እግሩ ዝሎ ይገባል። በዚህ መሃል ሌሎቹ ገብሱን ጨርሰውታል።

እኔ ሰነፍ ስለነበርኩ ተቀምጬ አያለሁ። ማለዳ ከገደሉ ወጥተው መጀመሪያ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ፀጉር ይፈታተሻሉ። ከዚያ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ሣር ይነጫሉ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት፣ አንድ አንድ ቅጠል እየመረጡ፣ ልክ ምስር እንደምትለቅም ሴት። እፍኝ ሲሞላላቸው ወደ አፍ። ከሳምንት በኋላ የገባኝ ነገር መንጋውን የምታንቀሳቅሰው አንዲት አሮጊት መሆኗ ነው። እሜቴ አልኳት። እሜቴ ከተነሳች ሌሎቹ ይነሳሉ። እሜቴ ፊቷን ወደ ገብሱ ካዞረች እኔ ድንጋዬን አዘጋጃለሁ። አንድ ድንጋይ ከፊቷ ዱብ ሲል ትመለሳለች፤ ሸራፋውም ተከትሏት ይመለሳል። ያን ዓመት የእኔ ተራ የሆነ ቀን ገብስ አልተበላም። ወንድሜ ይህን ሲያነብ ይክደው ይሆናል።

ታዲያ ያ ማየት ቅንጦት ነበር?

ጭላዳ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ እንደ እሱ ሣር ለቅሞ የሚኖር የለም። ሣሩ ለምለም በሆነ ጊዜ ከሚበላው እስከ 90 በመቶ የሚሆነው የሣር ቅጠል ነው። ግጦሹ ግን እስከ ገደሉ ጫፍ እየታረሰ ሄደ። ገብስ ራሱ ደግሞ የሣር ዘመድ ነው። ለጭላዳ ገብስ ማለት የወፈረ ሣር ማለት ነው፤ የአባቴን ድንበር በምን ያውቃል? ጉዳቱን ለመቀነስ የትኛው ማሳ እንደሚጠቃ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጡ፣ ከገደሉ ምን ያህል እንደሚርቁ፣ የትኛውን ሰብል እንደሚያልፉት ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቀው ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ነው። በዱላ ብቻ ቢሆን ኖሮ አያቶቻችን ድሮ በጨረሱት።

ጉዳል ራሷ እዚህ ነጥብ ላይ የደረሰችው ዘግይታ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ታንዛኒያ በሚባለው አገር ወደ ጎምቤ ስትገባ ከታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ያለው ጋራ ሁሉ ደን ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በትንሽ አውሮፕላን ከላይ ስታየው ጎምቤ የደን ደሴት ሆናለች፤ ዙሪያዋ ራቁቱን የቀረ ጋራ፣ የደከመ መሬት፣ የተቸገረ ሰው። የሰዎቹ ኑሮ ሳይሻሻል ቺምፓንዚዎቹ አይተርፉም አለች። በ1994 ታካሬ የሚባል ሥራ በአካባቢው መንደሮች ተጀመረ። የመንደሩን ሰው ምን እንደቸገረው በመጠየቅ ተነስቶ ጤና፣ የችግኝ ጣቢያ፣ ለሴቶች አነስተኛ ብድር፣ ለልጃገረዶች ትምህርት እያለ ሄደ። ጸሐፊው «መጀመሪያ ገበሬው» ብለው ሲቆጡ፣ የሚቆጡት ያንኑ በሠራች ሴት ላይ ነው።

ደግሞ ከእኛው አገር አንድ ነገር ልጨምር። ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ውስጥ፣ የድሮው ደንቆሮ ጫካ ማለት ነው (ስሙን ሰምታችሁ እንዳትስቁ፣ እኛ ስቀን ጨርሰናል)፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በአንድ መስክ ይውላሉ። ከእኛ በስተደቡብ መንዝ ጓሳ ላይ የተቀመጡ ተመራማሪዎች ቀበሮው በጭላዳው መሃል እየተዘዋወረ አይጥ ሲያድን መዘገቡ። ከመንጋው መሃል ሲሆን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን 25 ብቻ። የጭላዳ ግልገል አጠገቡ እያለፈ አይነካውም። ይህን ቁጥር ለማግኘት አንድ ሰው ጓሳው ላይ በብርድ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ አስቡት። ያንን ሥራ በ2005 ከጀመሩት አንዷ ንጋ ንጉየን የምትባል ሴት ናት።

ወደ ስም ማውጣቱ ልለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ብቻቸውን አይደሉም። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲም ጉዳልን «ቁጥር መስጠት ነበረብሽ» ብሏት ነበር። እሷ ግን ዴቪድ ግሬይቤርድ፣ ጎልያድ፣ ፍሎ፣ ፍሊንት እያለች ጻፈች። ዴቪድ ጢሙ ሽበት ያለበት ነው፤ መጀመሪያ የቀረባት እሱ ነው።

ቆይ፣ ገበሬ በሬውን ቡሬ፣ ዳልቻ ብሎ ሲጠራ ማን «ልጅ ነህ» አለው? ስም የሚወጣው አንዱን ከሌላው ለመለየት ነው። ካልለየህ ታሪኩን አትከተለውም። ፍሎ በ1972 ሞተች። ፍሊንት ስምንት ዓመት አልፎት እንኳ ከእናቱ የማይለይ ልጇ ነበር። ከሞተች በኋላ ምግብ ተወ፣ ፈዘዘ፣ ወር ሳይሞላው ሞተ። ሁሉንም «መንጋ» ብለህ ከጻፍክ የምታየው ቁጥሩ በሁለት መቀነሱን ነው።

«የሴት ርኅራኄ እውነቱን ይሸፍናል» የሚለው ሐረግ ደግሞ አስቆኛል። ከ1974 እስከ 1978 የጎምቤ ቺምፓንዚዎች ለሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን የሌላውን ወንዶች አንድ በአንድ ገደለ። አብረው ያደጉ ናቸው። በስም የምታውቃቸው ናቸው። አንዲት እናት ከነልጇ እየሆነች የሌሎችን ግልገሎች ነጥቃ ስትበላም መዝግባለች። ዓለም «ቺምፓንዚ የዋህ ነው» ብሎ የተቀበለው ከእሷው ነበር፤ ያንን ያፈረሰችውም እሷ ናት። ርኅራኄ ከሸፈነው ይህን ነበር መሸፈን ያለበት።

አንድ ለቋንቋ ወዳጆች የሚሆን ነገር። በመጀመሪያ የሳይንስ ጽሑፏ ቺምፓንዚዎቹን «እሱ» እና «እሷ» ብላ ስትጽፍ አርታኢው ሰርዞ ለዕቃ የሚባለውን ተውላጠ ስም አስገባ። በቋንቋቸው ለሰውና ለዕቃ የተለያየ አለ። እሷም የእሱን ሰርዛ የራሷን መለሰች። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ጭቅጭቁ አይገባቸውም። አማርኛ ላይ በሩም እሱ ነው፣ ጭላዳዋም እሷ ናት፣ ፀሐይም ወጣች ነው የምንለው። ጉዳል በአማርኛ ጽፋ ቢሆን አርታኢው የሚሰርዘው አያገኝም ነበር።

ጭላዳን የሚያጠኑትም እንደዚያው ነው የሚሠሩት። ጃሲንታ ቢነር የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ከ2006 ጀምሮ ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳዎችን አንድ በአንድ ለይታ ትከታተላለች። በ2012 ያወጡት ግኝት የሚገርም ነው። አዲስ ወንድ የድሮውን አባርሮ ቤተሰቡን ሲይዝ፣ ካረገዙት ሴቶች 80 በመቶ ገደማ ጽንሱን ያጣሉ። አዲሱ ወንድ የሌላውን ግልገል ስለሚገድል፣ ለማይተርፍ ልጅ ወራት ከመድከም አካላቸው ቀድሞ ይተወዋል የሚል ነው ማብራሪያው። ይህን ያወቁት የእያንዳንዷን ሴት ዓይነ ምድር እየለቀሙ ሆርሞኑን በመመርመር ነው። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ዓይነ ምድር ምን ይናገራል?

ሰውን ከዝንጀሮ ስለማቀላቀል ብዙ አልልም። ጽሑፉ ራሱ ነው ያቀላቀለው። ከላይ እስከ ታች «ዝንጀሮ» ይላል፤ ጉዳል ያጠናችው ቺምፓንዚ ነው። ጭራ የለውም፣ ኢትዮጵያ ውስጥም በዱር አይገኝም። የሳይንት ሽማግሌ ጦጣን ከጉሬዛ፣ ጭላዳን ከተራ ዝንጀሮ ለይቶ እየጠራ፣ የተማረ ሰው አንድ ስም ሲሰጣቸው ያሳፍራል። ያገኘችው ደግሞ ይህ ነው፦ በ1960 መገባደጃ ዴቪድ ሣር ቀጥፎ የምስጥ ኩይሳ ቀዳዳ ውስጥ ሰድዶ፣ ምስጡ ሲይዝለት አውጥቶ ሲበላ አየች። ቅርንጫፍ ቅጠሉን መልጠው እንደሚያዘጋጁም አየች። እስከዚያ ድረስ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ብቻ ነው ይባል ነበር። «አሁን ወይ መሣሪያን፣ ወይ ሰውን እንደ አዲስ መተርጎም አለብን፤ አለዚያ ቺምፓንዚን ሰው ነው ብለን እንቀበል» የሚል ቴሌግራም የላከው የጥንተ ሰው ቅሪት አጥኚው አለቃዋ ሉዊስ ሊኪ ነው። እሷ ያየችውን ጻፈች። በፈጣሪ ላይ ያላትን እምነትም ደብቃ አታውቅም።

ስለ ልጇ። «በጎጆ ፋንታ በአጥር አሳደገችው» ተብሏል። ልጇ በ1967 ተወለደ፤ ካምፑ ውስጥ በሽቦ የታጠረ ክፍል ተሠራለት። ቺምፓንዚ የሌላ እንስሳ ሕፃን አድኖ ይበላል፣ የሰው ሕፃን ነጥቆም ያውቃል፤ የታጠረው ለዚያ ነው። የሜዳውን ሥራ ለረዳቶቿ እየተወች ከሰዓቱን ከልጁ ጋር ታሳልፍ ነበር። ሊኪም ልጆች ነበሩት። ጽሑፉ የእሱን ልጆች ማን እንዳሳደጋቸው አልጠየቀም።

አሁን «ዕድል የቀናት ሴክሬታሪ» ወደሚለው። ሴክሬታሪነቱ እውነት ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ገንዘብ አልነበራትም፤ የጽሕፈት ሥራ ተማረች። ለመርከብ ጉዞ የሚሆን ብር ያጠራቀመችው ምግብ ቤት በማስተናገድ ነው። በ1957 ኬንያ ጓደኛዋ ዘንድ ሄደች፣ ናይሮቢ ሙዚየም ውስጥ ሊኪን አገኘችው፣ እሱም ቀጠራት። እስከዚህ ዕድል እንበለው።

ጁላይ 14 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ጎምቤ ስትደርስ በእጇ የነበረው የስድስት ወር ገንዘብ ነው። ቺምፓንዚዎቹ ገና ከማዶ ሲያዩዋት ይሸሻሉ። እሷም እናቷም በወባ ተኙ። ሲሻላት አንድ ከፍ ያለ ቦታ መርጣ በየማለዳው ባይኖኩላር ይዛ ተቀመጠች። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም ለብሳ፣ እስኪለምዷት። ገንዘቡ ሊያልቅ ሲል ነው የምስጡ ነገር የታየው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካምብሪጅ ዶክትሬቷን ሰጣት፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ሳይኖራት። ዕድል በየቀኑ ከጎህ በፊት አይነሳም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ ሁሌ የምቆመው እናትየዋ ጋ ነው። የእንግሊዝ ባለሥልጣናት «ወጣት ሴት ብቻዋን ጫካ አትገባም» ብለው ከልክለው ነበር። እናቷ ቫን «አብሬያት እሄዳለሁ» አለች። ሄደችም። ለወራት ድንኳን ውስጥ አደረች። ለዓሣ አጥማጆቹ ቁስል እያጠበች፣ የራስ ምታት መድኃኒት እየሰጠች የአካባቢውን ሰው ያስማማችው እሷ ናት።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን በሰፈሬ ጭላዳዎች ላይ ልሥራ ብዬ ጠይቄ ነበር። አማካሪዬ ርዕሱን እንኳ አንብቦ አልጨረሰም። «ገደል ላይ ማን ይጠብቅሻል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በቤተ መጻሕፍት በሚሠራ ርዕስ ተመረቅኩ። ቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኳት። «እኔ እጠብቅሽ ነበር እኮ» አለችኝ። ሳልጠይቃት! ገብሱን ስንጠብቅ ምሳ ይዛልን የምትመጣው፣ እሜቴን በዓይኗ የምታውቃት እሷ አይደለችም እንዴ? ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ይህችን ነገር ስቆጭባት እኖራለሁ።

ጸሐፊው ጉዳልን መውቀስ ከፈለጉ እኔ ልርዳቸው፤ ጽሑፋቸው ውስጥ አንድም እውነተኛ ወቀሳ የለምና። ቺምፓንዚዎቹን ለማቅረብ ሙዝ ታድል ነበር፤ ሙዙ ጠብ አበዛ፣ ውሎአቸውንም ለወጠው፤ የሥራ ባልደረቦቿ እስካሁን ይተቹበታል። በ2013 ሊወጣ የነበረ መጽሐፏ ውስጥ ምንጩ ሳይጠቀስ የተወሰደ ጽሑፍ ተገኝቶ ይቅርታ ጠይቃ፣ ኅትመቱ ዘግይቶ ታርሞ ወጣ። እነዚህን ቢጽፉ ዝም እል ነበር። ሴት መሆኗንና ድሃ ጀማሪ መሆኗን ጻፉ።

ጽሑፉ የሚያልቀው «እስቲ አንዲት የወሎ ልጅ ባይኖኩላር ይዛ ገደል አፍ ላይ ስትቀመጥ አስቡት!» ብሎ ነው። በሳቅ ምልክት።

እኔ ማሰብ አያስፈልገኝም። ባለፈው ጥር ከትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ ሰባት ተማሪ ይዤ ሳይንት ወጥቼ ነበር። አምስቱ ሴቶች ናቸው። እናቴም ነበረች፤ በሶና ቆሎ ይዛ፣ ጋቢዋን ተከናንባ። ጭላዳዎቹ ከጅብራው ወዲያ ፀሐይ ይሞቃሉ። ልጆቹ በአሥር በአሥር ደቂቃ ማን ማንን እንደሚፈታትሽ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። አንዷ ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ተምታቶባት ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጀመረች። እናቴ ከኋላዋ ሆና «ያቺን ቀይ ደረቷ የገረጣውን ሁለቴ ቆጠርሻት» አለቻት። እውነትም ሁለቴ ነበር።

ባይኖኩላሩ ግን አንድ ለሰባት ነው፤ የግራ መስተዋቱም ተሰንጥቋል። ጸሐፊው ወይም ሌላ አንባቢ ቤቱ ያስቀመጠው ካለ እስከ ሰኔ ያውሰን። በደህና እንመልሳለን።